የሐር ትልን ከኮኩን ጀምሮ ቤት ውስጥ ማርባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሐር ትል ቅጠል በልታ ስትጠግብ በራሷ ዙሪያ ሐር ትፈትልና እዚያው ውስጥ ትቀመጣለች። ያ የሐር ቤት ኮኩን ይባላል። ከውስጡ የምትወጣው ክንፍ ያላት የእሳት እራት ናት። እኛ አገር የሚረቡት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም በሁለቱም ላይ ይሠራል። አንደኛዋ የሞልበሪ ቅጠል ትበላለች፤ ብዙ ሰው የእንጆሪ ዛፍ የሚለውን ማለት ነው። ሁለተኛዋ ኤሪ ናት፣ ምግቧ የጉሎ ቅጠል ነው። ጥቂት ኮኩን አግኝቶ ቤቱ ማርባት የሚያምረው ሰው ግን ከቅጠሉ በፊት የሚሰማው ወሬ ይበዛበታል።

«ኮኩን ሁሉ ይፈለፈላል»

አይፈለፈልም። የሞልበሪዋ ኮኩን ብዙ መቶ ሜትር ከሚረዝም አንድ ክር የተሠራ ነው። እራቷ በስታው ከወጣች ክሩ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ለክር የተዘጋጀ ኮኩን ውስጡ ያለችው ነፍሳት በእንፋሎት፣ በፀሐይ ወይም በፈላ ውሃ ተገድላለች። ለእጅ ሥራ ከተሸጠ ኮኩን ምንም አትጠብቁ። ከአርቢ ስትገዙ «ለዘር ነው» በሉ።

ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ በቀስታ ነቅንቁት። ደህናው ከበድ ይላል። ቀሎ እንደ ደረቀ ባቄላ ከተንኳኳ ሞታለች። ጠቁሮ የሚሸተውን ቶሎ ለይታችሁ ጣሉት።

«በመቀስ ካልረዷት አትወጣም»

ይሄ ብዙ እራቶችን አጥፍቷል። እርዳታ አያስፈልጋትም። ነክሳም አይደለም የምትወጣው፤ የሚሠራ አፍ የላትም። ኢንዛይም ያለው ፈሳሽ ተፍታ የሐሩን ሙጫ ታለሰልሳለች፣ ከዚያ ክሩን በጭንቅላቷ ገፋ ገፋ አድርጋ ትወጣለች። የኤሪ ኮኩን ደግሞ ከመጀመሪያውም አንድ ጫፉ ክፍት ነው። ክሩም ወጥ ስላልሆነ የሚፈተለው እንደ ጥጥ ነው፤ እራቷ ብትወጣም ሐሩ አይባክንም። ለጀማሪ እኔ ኤሪን የምመርጠው ለዚህ ነው።

አርቢዎች ወንድና ሴት ለመለየት ኮኩኑን የሚከፍቱበት ጊዜ አለ፣ እውነት ነው። እነሱ ግን ውስጥ ያለውን ቡናማ ቅርፊት አይነኩም። እናንተ ሞቅ ባለ ክፍል፣ አየር በሚያስገባ ካርቶን አስቀምጡና ተዋቸው። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። መውጫቸው አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ነው።

መርዳት ካማራችሁ የምትቆናጠጠው ሻካራ ነገር አዘጋጁላት። የእንቁላል ካርቶን ይበቃል። ስትወጣ ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ ነው፤ የሚዘረጋው ተንጠልጥላ ስትቆይ ነው። ለስላሳ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሆነች ግድግዳው ያንሸራትታታል፣ ክንፏም እንደተጨማደደ ይደርቃል።

«ቀይ ፈሳሽ ወጥቷታል፣ ቆስላለች»

አልቆሰለችም። ስትለወጥ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው፤ እንደወጣች ትጥለዋለች። ቀላ ያለ ቡናማ ስለሆነ ያስደነግጣል። ከሥር ጋዜጣ አንጥፉ፤ ጨርቅ ከነካ በቀላሉ አይለቅም።

«ስኳር በውሃ ስጧት»

አትበላም፣ አትጠጣም። በትልነቷ ባጠራቀመችው ስብ አንድ ሳምንት ገደማ ትኖራለች። ስትሞት የእናንተ ጥፋት አይደለም።

«ቁም ሳጥን ገብታ ልብስ ትበላለች»

አፍ የሌላት እንዴት ትበላለች? ሱፍ የሚበላው የሌላ ዓይነት እራት ትል ነው። አምፖል ላይ ትከመራለች የሚለውም ለሞልበሪዋ አይሠራም። ሰው ለሺህ ዓመታት ስላረባት መብረር አትችልም፤ ወንዱ ቢበዛ ክንፉን እያርገበገበ ይሽከረከራል። በዚያው ልክ ውጭ ብትለቋት ራሷን ችላ አትኖርም።

«ሁለት ኮኩን ካለኝ ዘር አገኛለሁ»

ሁለቱም ሴት ቢሆኑስ? አሥር ያህል ብትይዙ ይሻላል። ሴቷ ሆዷ ወፍራም ነው፣ ብዙም አትንቀሳቀስም። ሽታ ትለቃለች፣ ወንዱ በላባ መሰል አንቴናው ይዞት ይመጣል። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡተናንት ያንን ሽታ በ1959 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያወጣው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ እራት ተጠቅሞ ነው። ሽታው እንዲህ ኢምንት ሆኖ ወንዱ አይስተውም።

አንዲት ሴት ከ300 እስከ 500 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የኤሪ እንቁላል በአሥር ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ከሞልበሪዎቹ ግን ብርድ ካላገኘ የማይፈለፈል እንቁላል የሚጥሉ ዝርያዎች አሉ። «በስብሷል» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት የሸጠላችሁን ሰው ዝርያውን ጠይቁ።

«ቅጠል ከሆነ ይበላሉ»

ትልቁ ኪሳራ እዚህ ጋ ነው። የሞልበሪዋን በሰላጣ ማሳደግ የሞከሩ አሉ፤ ትሎቹ ይቀጭጫሉ። ደግሞ ሲያድጉ አበላላቸው አይጣል ነው፤ በዕድሜያቸው ከሚበሉት ሁሉ አብዛኛውን የሚጨርሱት በመጨረሻው ሳምንት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አጥራችሁ ሥር ያለውን ጉሎ ቁጠሩ፣ ከዚያ ስንት እንቁላል እንደምታስቀሩ ወስኑ። የጉሎ ፍሬ መርዛማ ስለሆነ ልጆች እንዳይለቅሙት ተጠንቀቁ። በክረምት ቅጠሉ ላይ ያለውን የዝናብ ውሃ ሳታደርቁ አትስጡ። ትሎቹ ባሉበት ክፍል የትንኝ መድኃኒት አይነፋ፤ ትንሹም ይጨርሳቸዋል። የጠረጴዛውን እግሮች ደግሞ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ፤ ጉንዳን ከገባ አንድም አይተርፍም።