ሻርፕ ኤስኤም510 ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1980 ኒንቴንዶ «ጌም ኤንድ ዎች» የተባለውን የኪስ ጨዋታ ገበያ ላይ አዋለ። በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ሰውዬ ኳስ ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልባል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ውስጡ ያለው ቺፕ ግን የኒንቴንዶ ሳይሆን የሻርፕ ነው፤ ኤስኤም5ኤ ይባላል። ኤስኤም510 የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። በ1982 ዶንኪ ኮንግን ባለሁለት ስክሪኗ መጫወቻ ላይ ያጫወተው እሱ ነበር።

ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም አንድ ቺፕ ላይ ተጠቅጥቀዋል። ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚይዝ አንድ ቦታ ነው፤ ቺፑ ባለ4 ቢት ስለሆነ በአንዴ የሚይዘው ከ0 እስከ 15 ያለ ቁጥር ነው። ለፕሮግራሙ 2,772 ባይት ሮም፣ ማለትም የሚነበብ ብቻ ሜሞሪ፣ አለው (አንድ ባይት 8 ቢት ነው)። አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ ይህቺ አጭር ጽሑፍ እንኳ አትገባበትም።

ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ የሚጽፍበት ጊዜያዊ ሜሞሪ፣ 64 ባይት ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ሩቡ ለስክሪኑ ይሄዳል፤ 128 ቢት ማለት ነው። እያንዳንዱ ቢት አንድ ሥዕል ያበራል ወይም ያጠፋል። የሰውዬው እጅ ግራም፣ መሃልም፣ ቀኝም ሆኖ መስታወቱ ላይ አስቀድሞ ተሠርቷል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበራል፤ ዓይናችን እጁ የሄደ ይመስለዋል።

የሚሠራው በሰዓት ክሪስታል ነው፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ብትከፍሉት 1 ይቀራል። አንድ ሰከንድ አገኛችሁ፤ መጫወቻው ሰዓትም የሆነው በዚህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን አቆጣጠሩ ነው። ቺፕ ቀጣዩን ትእዛዝ ለማግኘት 0፣ 1፣ 2 እያለ ይቆጥራል ብለን እናስባለን። ለዚያ ግን የመደመሪያ ሰርኪዩት ያስፈልጋል፣ እሱም ቦታ ይበላል። ኤስኤም510 አይደምርም። የቆጣሪውን 6 ቢቶች ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በቀኝ ጫፍ ያሉት ሁለቱ ተመሳሳይ ከነበሩ በግራ 1 ያስገባል፣ ካልተመሳሰሉ 0። ስለዚህ ሲቆጥር 0፣ 32፣ 48፣ 56፣ 60፣ 62፣ 31፣ 47 እያለ ነው! ፕሮግራሙም ሮሙ ላይ የተቀመጠው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

6 ቢት 64 ቦታ ሊጠቁም ይችላል፤ እዚህ ግን 63ቱ ብቻ ይሠራሉ። ስድስቱም ቢት 1 ከሆኑ የሚገባውም 1 ነው፣ ቆጣሪው እዚያው ተቸክሎ ይቀራል። ያቺ ግራ የምታጋባው 2,772ም የመጣችው ከዚሁ ነው፦ ሮሙ ገጽ በሚባሉ 44 ክፍሎች ተከፍሏል፣ በየገጹ 63 ባይት።