የበጎ አድራጎት የእግር ጉዞ በመሃል አዲስ አበባ፦ የሴሊያክ በሽታ ጉዳይ

የበጎ አድራጎት የእግር ጉዞ ለአንድ በሽታ ሕክምና ወይም ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በኅብረት የሚደረግ ጉዞ ነው። በአዲስ አበባ መነሻ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው መስቀል አደባባይ ነው። ቲሸርቱ እንደ ቲኬት ያገለግላል፤ የገዛ ሰው መዋጮውን ከፈለ ማለት ነው። እሁድ በማለዳ፣ መንገዱ በመኪና ሳይጨናነቅ፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ ይሰበሰባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል። በለገሃር ዞሮ የቸርችልን ጎዳና የወጣ ያውቀዋል።



ልማዱን ያሰፋው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። የመጀመሪያው በኅዳር 1994 ዓ.ም. 10 ሺህ ሰው ይዞ ተካሄደ። አንደኛ የወጣውም የሩጫው መሥራች ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ነበር። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ፊት ያሉት አትሌቶች ይወዳደራሉ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ሲደክመው እየተራመደ ይጨርሳል። ይህን የመሰለ እሁድ ሌላ ከተማ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ ያልፋል። ከሩጫው ጋርም ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ይሰበሰባል። በኋላ የሴቶች 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተጨመረ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነጻ ቀን መጣና በዚያ ቀን ጎዳናው ለእግረኛ ተለቀቀ።

እንዲህ ያለ ጉዞ ከሚገባቸው በሽታዎች አንዱ ሴሊያክ ነው። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የሴሊያክ ሕመምተኛ ይህን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋትና የደም ማነስ ያመጣል፤ ልጅም ከሆነ እድገቱ ይቀጭጫል። እኛ ዘንድ ሆዱን ያመመው ሰው ቶሎ «አሜባ ነው» ይባላል። ምርመራው ግን በደም ይጀመርና ከአንጀት በሚወሰድ ናሙና ይረጋገጣል። ከምርመራው በፊት ስንዴ ማቆም ውጤቱን ያዛባል።

ምክንያቱ ስንዴ መሆኑን ያሳየው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ሆላንድ ውስጥ ዳቦ ጠፋ፤ የታመሙት ልጆች ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። በዓለም ከ100 ሰው 1 ገደማ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ደግሞ በምዕራብ ሰሐራ ሕፃናት ላይ 5.6 በመቶ አግኝቷል፤ ያ ሕዝብ አፍሪካዊ ነው። እኛን ከበሽታው ጤፍ ጠብቆን ይሆናል የሚሉም አሉ፤ ሊሆን ይችላል።

ጤፍ ግሉተን የለውም። የአያቶቻችን እህል ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ በረከት ነው። ችግሩ ንጹሕ ጤፍ ማግኘቱ ላይ ነው። ዋጋው ሲወደድ እንጀራው ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል። ንጹሕ ጤፍ ቢገዛም ወፍጮ ቤቱ ከፊቱ ስንዴ ፈጭቶ ሊሆን ይችላል። ከቅይጥ ሊጥ የተረፈ እርሾም ያው ነው።

እስካሁን መድኃኒት የለውም፤ ሕክምናው ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ብቻ ነው። ለዚህም ነው በሌሎች አገሮች ማኅበራት ለምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚራመዱት። የዓለም የሴሊያክ ቀን ሜይ 16 ነው፤ በእኛ ግንቦት 8 ይውላል። ዋናው ክረምት ስላልገባ ለጉዞ የሚመች ጊዜ ነው።

መድረሻው ላይ የሚቀርበውን አዘጋጆች አስቀድመው ማሰብ አለባቸው። ዳቦ፣ በሶና የገብስ ቆሎ ለሕመምተኛው አይሆኑም። የሽምብራ ቆሎ ይሆናል፤ የሚቆላበት ምጣድ ግን ገብስ ያልነካው መሆን አለበት።