ሪፕሊካ መኪና ምንድን ነው? ሞተሩስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚያወጣው ለሐረጎ ዳገት እንዴት ይመረጣል?

ሪፕሊካ ማለት የአንድ ታዋቂ የድሮ ስፖርት መኪና መልክ ተገልብጦ እንደ አዲስ የሚሠራ መኪና ነው። አካሉ ብዙ ጊዜ ከፋይበርግላስ ይወጣል፤ ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና መሪው ግን ከሌላ፣ በቀላሉ ከሚገኝ መኪና ይወሰዳሉ። አሮጌ መኪናን አድሶ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ሪፕሊካ አይባልም። ያማረ ጎማና ክንፍ የተገጠመለት ኮሮላም አይባልም።

በብዛት ከሚኮረጁት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1958 የተመረተው ፖርሽ 356 ስፒድስተር ነው። ምክንያቱ መልኩ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ፖርሾች ራሳቸው ከቮልስዋገን ክፍሎች የተሠሩ ስለነበሩ፣ የቮልስ ወለል ተቆርጦ ሲያጥር የስፒድስተር አካል በቀላሉ ይቀመጥበታል። በቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ መካከል 240 ሴንቲ ሜትር አለ፤ በ356 ደግሞ 210። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆረጣል ማለት ነው። ሞተሩ ፊት የሆነ ነገር ለሚፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ሎተስ ሰቨንና በ1962 የወጣው ኮብራ አሉ። የሚገለበጠው መኪና ሲመረጥ የሞተሩ ቦታ አብሮ ይመረጣል፤ ከኋላ ሞተር ያለውን አካል ፊት ሞተር ላስገባበት ማለት ከባዶ መጀመር ነው።

ሞተር የሚፈልግ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ነው። ያ ቁጥር ግን በባሕር ጠለል አየር የተለካ ነው፣ ወሎ ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ አይደለችም። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር፣ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሞተር የሚያቃጥለውን ቤንዚን የሚወስነው የሚስበው አየር ክብደት ነው፤ ደሴ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመዝናል፣ ኮምቦልቻ ላይ 83 በመቶ። ቱርቦ የሌለው 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ፒያሳ ላይ ሲቆም 39 ነው። ካርቡሬተር በመቀየር፣ ማርሚታ በመክፈት ወይም ድምፁን በማሳመር ያ የጠፋ አየር አይመለስም።

39ኙ ይበቃል ወይ? ሁለት ሰው የጫነ የስፒድስተር ሪፕሊካ 900 ኪሎ ይመዝናል ብለን እንነሳ። መቶ ሜትር ሲሄድ ስምንት ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመያዝ፣ ክብደቱን ለመሳብ፣ የጎማውን ግጭትና የአየሩን ግፊት ለማሸነፍ ጎማው ላይ 21 የፈረስ ጉልበት ያህል መድረስ አለበት። በካምቢዮው የሚባክነው ሲታከል ከሞተሩ 25 ይጠየቃል። የቮልስ 1200 ሲሲ ሞተር በፋብሪካ ቁጥሩ 34 ነው፤ ደሴ ጫፍ ላይ 26 ይቀረዋል። ያም በከፍተኛ ዙሩ ላይ ብቻ ነው። ከፊት አይሱዙ ቀድሞት ትንሽ ዙሩ ከወረደ ሐረጎን የሚጨርሰው በሁለተኛ ማርሽ ነው። በፋብሪካ ቁጥሩ 50 የሆነው 1600ው 39 ይዞ ሲወጣ 14 ያህል ይተርፈዋል፤ ለመቅደም የሚያስችለው ያ ትርፍ ነው። በዚያ ላይ የ1600ው ቶርክ (የማዞር ኃይሉ) 106 ኒውተን ሜትር ሲሆን 3000 ዙር ሳይሞላ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ መንገዱ ሲታጠፍ ማርሽ ሳይቀየር የሚያወጣው ይህ ነው። ስለዚህ ደሴ ለሚነዳ የስፒድስተር ሪፕሊካ 1600ው ዋናው ምርጫ ነው። 1500ው፣ በ44 የፈረስ ጉልበቱ፣ ጥሩ ይዞታ ላይ ከተገኘ ይሠራል። 1200ውና 1300ው ለኮምቦልቻ ሜዳ ካልሆነ አይመከሩም።

ያገለገለ ሞተር ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ይምጣ ከደሴ ጋራዥ፣ ሻጩ «ሺህ ስድስት መቶ ነው» ስላለ አይወሰድም። ከዲናሞው ማስቀመጫ በታች ሞተሩ ላይ ቁጥር ተመቷል፤ ከፊቱ ያለው ፊደል ዲ ከሆነ 1200፣ ኤፍ ከሆነ 1300፣ ኤች ከሆነ 1500፣ ኤዲ ከሆነ 1600 ነው። ፊደሉ የሚነግረው ፋብሪካው የሠራውን ነው፤ ውስጡ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሲወርድ የሲሊንደሩ ስፋት ይለካ። 1600ው 85.5 ሚሊ ሜትር፣ 1500ው 83፣ 1200ውና 1300ው 77 ናቸው።

ከዚያ የታችኛውን ትልቁን ፑሌ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብና መግፋት ነው። ጤናማ ሞተር ላይ እንቅስቃሴው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጅ አይታወቅም። «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) መቀመጫ ተበልቷል፤ ፋሻና ቫልቭ ቀይሮ የሚድን ነገር አይደለም፣ ሞተሩ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ቶርኖ ቤት መግባት አለበት። ዋጋው ያኔ በግማሽ ይደራደራል ወይም ይተዋል።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ አየር የሚያምቅበት ግፊት፣ ሲለካ ብዙ ደህና ሞተር ያለ ጥፋቱ ይወገዛል። በባሕር ጠለል 8 ባር የሚያሳይ ሲሊንደር ደሴ ላይ 6 ያህል ነው የሚያሳየው። መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ይታይ። ሦስቱ 6 ሆነው አንዱ 4 ከሆነ ያ አንዱ ችግር አለበት። አብዛኛውን ጊዜ 3ኛው ነው፤ በቆዩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከአየር ማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ተቀምጦ ለ3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚከልል ቫልቩ ቀድሞ ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴሎች ማቀዝቀዣው ከሽፋኑ ወጥቶ የራሱን ነፋስ አግኝቷል። ምርጫ ካለ ያ ዓይነቱ ሽፋን ይፈለግ፤ ለቀደሙት ሞተሮችም ከነማራገቢያው ይገጠማል።

«ካስፋነው አይቀር» ብሎ 87 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር የሚያስገባ አለ። ምንም ሳይቦረቦር ስለሚገባ ያጓጓል፤ መጠኑ ግን ከ1584 ወደ 1641 ሲሲ ነው የሚያድገው፣ ከ4 በመቶ በታች። ለዚያ ሲባል ግድግዳው ሳስቶ በሙቀት ይጣመማል። በደንብ የሚያድገው በ90.5 ሚሊ ሜትር ወደ 1776 ሲሲ ነው፤ ለዚህ ግን የሞተሩ ቤትና ቴስታታው በትክክል መቦርቦር አለባቸው። ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ያልሠራ ቶርኖ ቤት የመጀመሪያ ልምምዱን በናንተ ሞተር አያድርግ።

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር በሪፕሊካ ውስጥ የሚሞቅበት ዋናው ምክንያት ሞተሩ አይደለም። በቮልስ ሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎችና ላስቲካቸው የላይኛውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ትኩስ አየር ይለያሉ። አዲሱ ፋይበር አካል ላይ ልካቸው ስለማይመጣ ብዙ ሠሪ አውጥቶ ይጥላቸዋል፤ ማራገቢያውም ከማርሚታው የወጣውን ሙቀት መልሶ ይስባል። ቆርቆሮው ተቆርጦም ቢሆን እንደ አዲስ ይሠራ፣ ዙሪያው በላስቲክ ይዘጋ። የስፒድስተሩ የኋላ ክዳን ላይ ያለው ፍርግርግ ትንሽ ስለሆነ ክዳኑ ለሙከራ ጣት ያህል ተከፍቶ ይነዳ፤ የዘይቱ ሙቀት በዚያ ከወረደ ተጨማሪ የአየር መግቢያ ያስፈልጋል ማለት ነው። የማራገቢያው ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። እሱ ሲበጠስ ማራገቢያውም አብሮ ስለሚቆም፣ የዲናሞ መብራት በርቶ መንዳት ሞተሩን አውቆ ማቃጠል ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ መሆኑም አይረሳ፤ ግማሽ ሊትር ጎደለ ማለት አንድ አምስተኛው የለም።

ፊት ሞተር ላለው ሪፕሊካ የአገሬው ሀብት ላዳና ቶዮታ ዲኤክስ ናቸው። ሁለቱም የኋላ ጎማ የሚነዱ ስለሆነ ሞተር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል አንድ ላይ ተያይዘው ይወጣሉ። የላዳ 2106 1569 ሲሲ ሞተር ለሎተስ ሰቨን ዓይነት ቀላል መኪና ደሴም ላይ ከበቂ በላይ ነው፤ የቶዮታ 4ኬ 1290 ሲሲ ነው፣ ጉልበቱ ያንሳል፣ ግን ለመጠገን ከሱ የሚቀል ማግኘት ይከብዳል። ለኮብራ ስምንት ሲሊንደር መፈለግ የመልክ ጉዳይ ነው፤ መለዋወጫው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ይመለስ። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ፊቱን ያከብደዋል፣ ዙሩም አጭር ነው። ስፖርት መኪና ውስጥ ቦታ የለውም።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ሲመረጥ ከፍታው በሌላ በር ይመጣል። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን 0.9 ባር ከያዘ መፍያው ወደ 114 ይወጣል፤ ክዳኑ ላስቲኩ ከደከመ ግን ጤነኛ ሞተር ሐረጎን ሳይጨርስ ይፈላል። ራዲያተር ከመቀየር በፊት ክዳኑ ይቀየር። ሪፕሊካው ዝቅ ያለ ስለሆነ ራዲያተሩ ከቴስታታው በታች ይውላል፤ አየር ከላይ ይታሰራል፣ ጌጁ ዝም እያለ ቴስታታው ይቃጠላል። ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚቀመጥ የውሃ ጋን መጨመር ግዴታ ነው። ቴርሞስታቱንም «ለዳገት» ብሎ አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል። በደሴ ብርድ እንዲህ የሚነዳ ሞተር ሳይሞቅ ስለሚሠራ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል።

ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከፍታ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ደሴ ላይ ትርፉ 13 በመቶ ገደማ ነው። ካንዴላው ጥቁር ጥቀርሻ ይይዛል፣ ከማርሚታው የቤንዚን ሽታ ይወጣል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያልፍበትን ዋናውን ጄት ማጥበብ ነው። የጄቱ ቁጥር የቀዳዳውን ዲያሜትር በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይናገራል፤ 127.5 የነበረው 120 ሲሆን ቤንዚን የሚያልፍበት የቀዳዳው ጠቅላላ ቦታ በ11 በመቶ ያንሳል፣ ለደሴ ልክ ነው። ችግሩ ቁልቁል ሲወረድ ነው። ሰኞ ለገበያ ባቲ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሚሌ የሚወርድ መኪና በ120 ጄት ከሄደ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሙቀቱም ተጨምሮ ፒስተን ይበሳል። እንዲህ የሚመላለስ 125 አድርጎ ደሴ ላይ ትንሽ ጥቀርሻ ቢታገስ ይሻላል። ካንዴላው ቡናማ ከሆነ ልኩ ነው፤ ነጭ ከሆነ ወዲያው ይቁም። በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጭ ሞተር ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ ጉልበቱ መቀነሱ ግን እሱም ላይ አይቀርም።

ጥሩ ሞተር በተሳሳተ ዲፈረንሻል ይሞታል። ቁጥሩ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል፤ የቮልሶቹ 4.375፣ 4.125 ወይም 3.875 ናቸው። ሦስተኛው ለሜዳ ሀይዌይ ነው፤ ለሐረጎ 4.125 ይያዝ፣ ሞተሩ ደካማ ከሆነ 4.375። የትኛው እንደሆነ ሳይፈቱ ለማወቅ ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ አራተኛ ማርሽ ገብቶ፣ አንዱ የኋላ ጎማ መሬት ላይ ሆኖ ሌላው ተነሥቶ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። አራተኛው 0.89 በሆነ ካምቢዮ የሞተሩ ፑሌ 3.9 ዙር ያህል ከዞረ 4.375 ነው፣ 3.7 ከሆነ 4.125።

አካሉ ፋይበር ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ እያንዳንዱ መብራት የራሱ የኔጌቲቭ ገመድ ይፈልጋል። መብራቱ የሚደበዝዝ ሪፕሊካ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ችግሩ ይኸው ነው። ቤንዚን ቱቦዎቹም አዲስና በክላምፕ የታሰሩ ይሁኑ፣ የቤንዚን ማጣሪያውም ከሞተሩ በላይ አይንጠልጠል። ፋይበር በቀላሉ ይቃጠላል።

መጨረሻ ላይ ወረቀቱ አለ። ሊብሬ ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ስለተጻፈ ሞተር ሲቀየርም ሆነ ወለል ተቆርጦ አካል ሲለወጥ መንገድ ትራንስፖርት ቀድሞ መጠየቅና ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ሲሆን ቦሎ ላይ ይያዛል። ሞተሩ የተገዛበት ደረሰኝ ይቀመጥ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ተሞርዶ እንደ አዲስ የተመታ ሞተር፣ ኮምፕሬሽኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ አይገዛም።