የኖረን ሰው በፊልም መመዘን፦ የሕይወት ታሪክ ፊልም ሒስ ከጅማ ሲታይ

የሕይወት ታሪክ ፊልም በእውነት የኖረ ሰውን ታሪክ በተዋንያን ያሳያል። ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ባለታሪኩን ራሱን፣ የሚያውቁትን ሰዎችና የቆዩ ምስሎችን ይዞ ይመጣል። የሁለቱም ሒስ ከሌላው ፊልም ሒስ ይከብዳል። በልብ ወለድ ፊልም ላይ ደራሲው የፈጠረውን ሰው እንዳሻው ቢያደርገው ቅር የሚለው የለም። እዚህ ግን የኖረ ሰው አለ። ልጆች አሉት፣ ጎረቤት አለው። ስለዚህ ሐያሲው ፊልሙ እንደ ፊልም ጥሩ መሆኑን ብቻ አይጠይቅም። «ይሄ ሰውዬ እውነት እሱ ነው?» ብሎም ይጠይቃል።

ጅማ ላይ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ይጠነክራል። ከተማዋ የራሷ ባለታሪክ አላት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ከከተማዋ አጠገብ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ይጎበኛል። ይገለገሉባቸው የነበሩ ዕቃዎች ጅማ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ስለ እሳቸው የሚሠራ ፊልም እዚህ ሲታይ ታዲያ ተመልካቹ እንግዳ አይደለም። የቤተ መንግሥቱን የእንጨት በረንዳ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ጋር ሄዶ አይቶታል። ታሪኩንም ከአያቱ ሰምቶታል።

ይህ ቅርበት ትልቅ ሀብት ነው፤ ፈተናም ነው። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የጅማን የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው አቆይተዋል። ይህን ብልሃታቸውን የማያነሳ የለም፤ ሊነሳም ይገባል። ነገር ግን የጅማው የሂርማታ ገበያ ቡናና ዝባድ ብቻ የሚሸጥበት ቦታ አልነበረም። ሰውም ይሸጥበት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጅማ ከታወቁት የባሪያ ንግድ ማዕከሎች አንዷ ነበረች። ስለ ንጉሡ ተሠርቶ ይህን የዘለለ ፊልም፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ግማሽ ሰው ነው ያሳየን። ሒሱም ካላነሳው ሒስ መሆኑ ቀርቶ ማስታወቂያ ይሆናል። ይህን የምለው ጅሬንን ስለምወድ ነው። ከልብ የሚወዱት ሰው ታሪክ ተቆርጦ ሲቀርብ ያማል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ከዘጋቢ ፊልም ጋር አብሮ ነው የተወለደው። ሮበርት ፍላኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው፣ ስለ አንድ የኢኑይት አዳኝና ቤተሰቡ የተሠራው «ናኑክ» የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ይባላል። ግን የአዳኙ እውነተኛ ስም ናኑክ አልነበረም። የበረዶ ቤቱም ለካሜራው ብርሃን እንዲገባ ተብሎ ግማሽ ብቻ ነበር የተሠራው።

ከእኛ ሀገር ታሪኮች ሁለቱ ስለ ሯጮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሕይወት ይተርካል። ጎልማሳውን ኃይሌ የሚጫወተው ኃይሌ ራሱ ነው። እንግዲህ ይህን ምን እንበለው? ትወና ነው ወይስ ምስክርነት? እኔ ምስክርነት እለዋለሁ። ግን ባለቤቱ ራሱ የሚመሰክርለት ታሪክ መሆኑን አንባቢ ማወቅ አለበት። ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው «አትሌቱ» ሌላ መንገድ ይዟል። ራሴላስ ላቀው አበበን ይጫወታል፤ በመሃል የሮምና የቶኪዮ እውነተኛ ምስሎች ይገባሉ። እ.ኤ.አ. የ1960ው የሮም የባዶ እግር ሩጫ በእውነተኛው ምስል ሲታይ ሰውነት ይወርራል። እዚህ ላይ ሐያሲው ትወናው ከእውነተኛው ምስል ጎን ሲቆም ይቀላል ወይ ብሎ ያያል።

ጊዜን ማሸጋሸግ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ስለ ፍሬዲ ሜርኩሪ የተሠራው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ዘፋኙ ሕመሙን ለባልደረቦቹ ሲናገር የሚያሳየው ከላይቭ ኤይድ በፊት ነው። ላይቭ ኤይድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1985 ላይ ለኛው ሀገር ረሃብተኞች እርዳታ የተዘጋጀ ኮንሰርት ነው። የወንድ ጓደኛው እንደተናገረው ግን በሽታው የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር። ታሪኩን ለማድመቅ ሲባል የሰው የሕመም ቀን ከእውነተኛው ጊዜ ቀድሞ መጥቷል ማለት ነው። ሐያሲ እንዲህ ያለውን ነገር ለማግኘት ዓመተ ምሕረት ማገላበጥ ይኖርበታል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ዋናው ሥራ ይኸው ነው።

ከዓመተ ምሕረት የሚከብደው የፈቃድ ጉዳይ ነው። «ድፍረት» ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ልጅንና የጠበቃዋን የመዓዛ አሸናፊን እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገ ፊልም ነው። በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ታሪኩ የደረሰባት ሴት ያለፈቃዴ ተሠርቷል ብላ ነበር። ፊልሙ የሚከላከልላት ሴት ቅር ተሰኝታ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ላይ የሚጻፍ ሒስ ይህን በመጨረሻ መስመር ላይ ነካ አድርጎ ማለፍ የለበትም።

ጅማ ውስጥ ፊልም የሚታየው ባብዛኛው በስልክና በፍላሽ ተገልብጦ ነው። ወሬው ግን ቡና ላይ ነው የሚደምቀው። አቦሉ ላይ የተጀመረ ክርክር በረካው አልቆም አይበርድም። ደግሞ እዚህ ብዙ ሰው አማርኛም ኦሮምኛም ይሰማል። ይህ ሌላ ቦታ ያለ ሐያሲ በቀላሉ የማያገኘው ነገር ነው። በዘጋቢ ፊልም ላይ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያወራሉ እንበል። የአማርኛው ተራኪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎት ያልፋል። ሽማግሌው ያመጡት ተረትና ምሳሌ የለም። «እኔ አላየሁም፤ ሲባል ሰምቻለሁ» ያሉትም የለም። በትርጉሙ ውስጥ ወሬው እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁለቱንም የሚሰማ ተመልካች ከተራኪው ድምፅ ሥር የሽማግሌውን ድምፅ ይከተላል። ይህን ልዩነት በደቂቃና በሴኮንድ ለይቶ የሚጽፍ ሒስ ቢበዛ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራ ይዞ ጅሬን የሚወጣ ሰው ጥሩ አስተርጓሚ ይዞ ይመጣ ነበር።