ጨረር ስለሚያዞሩ ሰሌዳዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ ቴክኖሎጂ ከሚከታተሉ ልጆች ጋር ስለ ኔትወርክ ሲወራ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲግናል የሚያዞር ሰሌዳ መነሳቱ አይቀርም። ተስፋው ደስ ይላል። አብሮት የሚወራው ስህተት ግን ብዙ ነው። ትልቁ ሥራ መስቀሉ ሳይሆን ማነጣጠሩ መሆኑ ደግሞ ይረሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ 28 ጊጋኸርዝ ያሉ የሚሊሜትር ሞገዶች ብዙ ዳታ ይሸከማሉ። የድንጋይ ግንብ ግን አያልፉም፤ የሰው አካል እንኳ ያግዳቸዋል። ስለዚህ አንቴናው ሲግናሉን እንደ ባትሪ መብራት ሰብስቦ በጠባብ ጨረር ይልካል። መሃል ላይ ግንብ ካለ ጨረሩ እዚያው ይቀራል። ሰሌዳው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ላዩ ላይ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ክፍል የደረሰበትን ሞገድ በጥቂቱ አዘግይቶ ይመልሳል። የመዘግየቱን መጠን በኤሌክትሮኒክስ ሲቀያይሩት የተንጸባረቀው ጨረር ወደተፈለገበት ይዞራል። ሰሌዳው ራሱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

«ቆርቆሮም ያንጸባርቃል፤ ምን ልዩነት አለው?»

እውነት ነው፣ ብረት ያንጸባርቃል። ጠፍጣፋ ብረት ግን ጨረሩን የሚመልሰው በመጣበት ማዕዘን ልክ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ በደንብ የተሰቀለ ብረት ሊበቃ ይችላል፤ ይረክሳልም። ፒያሳ ላይ ወዲያ ወዲህ ለሚል ሰው ግን አይሆንም።

«ሲግናሉን ያጎለብታል»

አያጎለብትም። አብዛኞቹ ሰሌዳዎች ማጉያ የላቸውም፤ የመጣውን አቅጣጫ አስይዘው ይመልሳሉ። በዚያ ላይ ሲግናሉ ሁለት ጊዜ ይደክማል፦ ከአንቴና እስከ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ እስከ ስልክ። የሚደርሰው ኃይል የሚቀንሰው በሁለቱ ርቀቶች ብዜት ካሬ ልክ ነው። ለምሳሌ የፋሲል ግቢ አጥር ከልሎን ከአንቴናው እስከ ስልካችን በሰሌዳው በኩል ያለው መንገድ 200 ሜትር ይሁን። ሰሌዳው መሃል ላይ ከሆነ ብዜቱ 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ነው። ከስልኩ 10 ሜትር ላይ ከሆነ ግን 190 በ10፣ ማለትም 1,900 ብቻ። የኃይሉ ልዩነት ከ25 እጥፍ በላይ ነው። መሃል መንገድ ላይ መስቀል የሚመስለውን ያህል ብልህነት አይደለም። ቅርሱ ላይ ደግሞ ምንም መሰቀል የለበትም፤ ፊት ለፊት ያለ ሌላ ሕንፃ ይበቃል።

«ትልቅ ሰሌዳ ከተሰቀለ በቃ፣ አለቀ»

የክፍሎቹ ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር ስልኩ ላይ የሚደርሰው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ግሩም ነው። ግን ሰሌዳው በሰፋ ቁጥር ጨረሩ ይጠብባል። በ28 ጊጋኸርዝ 100 በ100 ክፍል ያለው ሰሌዳ ጎኑ ግማሽ ሜትር አካባቢ ነው። 60 ሜትር ላይ የጨረሩ ስፋት 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለት እርምጃ ስትራመድ ከጨረሩ ወጣህ ማለት ነው።

«አንዴ ከተሰቀለ ሰውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል»

ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ይሄ ነው። ተራው ሰሌዳ መቀበያ ስለሌለው አይሰማም። ስልኩ የት እንዳለ አያውቅም። የሚያደርገው የታዘዘውን ነው። አንቴናው 64፣ ሰሌዳው 64፣ ስልኩ 8 አቅጣጫ አላቸው እንበል። ሁሉንም ጥምረት እንሞክር ካልን 32,768 ሙከራ ነው። ይህን ማንም አይጠብቅም።

ደግነቱ አቋራጭ አለ። አንቴናውም ሰሌዳውም ቦታቸውን አይለቁም። ስለዚህ በመካከላቸው ያለው አቅጣጫ ሲተከሉ አንዴ ይለካል፣ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ከሰሌዳ እስከ ስልክ ያለው ብቻ ነው። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም። 5ጂ የጨረር ፍተሻውን በተለምዶ በየ20 ሚሊሰከንዱ ይደግማል። በአንድ ዙር አንድ የሰሌዳ አቅጣጫ ብቻ ከተሞከረ 64ቱን ለመጨረስ ከ1 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። እስከዚያ ሰውየው ሄዷል።

ለዚህ ነው መጀመሪያ በሰፊ ጨረር ፈልጎ ቀስ በቀስ ማጥበብ የተመረጠው። በየደረጃው ለሁለት እየከፈልን ብንሄድ 64ቱ አቅጣጫ በ12 ሙከራ ያልቃል። ዋጋው? ሰፊ ጨረር ደካማ ነው፤ በሬዲዮ ጫጫታ መሃል ሊጠፋ ይችላል። እንደኔ ከሁሉም የሚሻለው ያለፈውን ቦታ ይዞ አካባቢውን ብቻ መፈተሽ ነው። ሰው በአንዴ ሩቅ አይዘልምና።

በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መጠመቂያ ሲወርዱ ያለውን ሕዝብ አስቡት። ጨረሩ በየቅጽበቱ በሰው ትከሻ ይቆረጣል። እዚያ በደንብ የተነጣጠረ አንድ ጨረር አይበቃም። ተጠባባቂ አቅጣጫ እና መሸሻ የሚሆን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያስፈልጋል።

«መብራት አይፈልግም፤ ጨረሩ ደግሞ ለጤና አደገኛ ነው»

ኃይል ይፈልጋል፤ ጥቂት ቢሆንም መቀያየሪያዎቹ ያለ ኃይል አይሠሩም። መብራት ሲጠፋ ሰሌዳው ተራ አንጸባራቂ ሆኖ ይቀራል። ጤናን በተመለከተ ሰሌዳው አዲስ ጨረር አያመነጭም። የሚመልሰው ከደረሰበት ሊበልጥ አይችልም።

«የዛሬውን የጎንደር ኔትወርክ ያስተካክላል»

አያስተካክልም። 4ጂ የሚሠራው በረጃጅም ሞገዶች ነው። በ3.5 ጊጋኸርዝ እንኳ ያ 100 በ100 ክፍል ያለው ሰሌዳ ጎኑ 4 ሜትር ያልፋል። ቴክኖሎጂውም ገና ጀማሪ ነው፤ የአውሮፓ የቴሌኮም ደረጃ አውጪው ኢቲኤስአይ በጉዳዩ ላይ የጥናት ቡድን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የ5ጂ ደረጃ 18ኛ እትም ያካተተው ደግሞ በኔትወርኩ የሚታዘዝ ማጉያን እንጂ ይህን ሰሌዳ አይደለም። ለኤሌክትሪካል ተማሪዎች ግን ዕድሉ ዛሬም አለ። በዋይፋይ ሞገድ የሚሠራ፣ ክፍሎቹ ሁለት ሁኔታ (ሁለት የመዘግየት መጠን) ብቻ ያላቸው ሰሌዳ በዳዮድ፣ ማለትም በትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መቀያየሪያ፣ መሥራት ይቻላል። ሁለት ሁኔታ ብቻ ሲኖር ከኃይሉ 40 በመቶ ገደማ ነው የሚተርፈው። የማነጣጠሩን ችግር በእጅ ይዞ ለመማር ግን በቂ ነው።