የሳይክል ጎማ አበላል በሐረጎ መንገድ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ የከፍታ ልዩነት የሚያልቀው 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ጎማ መፈተሽ የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አያገኝም።

መንገዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠራው የአዲስ አበባ–አስመራ ጎዳና አንዱ ክፍል ነው፤ ጎሚስታና ፍሬን የሚሉት ቃላትም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው።

በረጅም ጉዞ ሳይክል ቶሎ የሚያልቀው የኋላ ጎማ ነው። ከነጂውና ከሳይክሉ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ሲሆን ሻንጣ ከኋላ ሲታሰር ድርሻው ይጨምራል። ፔዳል ሲረገጥ መሬቱን እየገፋ የሚሄደውም እሱ ነው። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ሽቅብ የሚመላለስ ሳይክል የኋላ ጎማው መሃል ለመሃል ይበላና ጀርባው እንደ ቀበቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በእጅ ሲዳሰስ ግራና ቀኙ ላይ ጠርዝ ይሰማል። የፊተኛው በዚያን ጊዜ ገና ክብነቱን አልለቀቀም። የጀርመኑ ጎማ አምራች ሽዋልበ ማራቶን ለተባሉት ጎማዎቹ ከ6,000 እስከ 12,000 ኪሎ ሜትር ይገምታል፤ በሐረጎ የኋላው ወደ ታችኛው ቁጥር ቢጠጋ አይገርምም።

ቁልቁለቱ ሌላ ጣጣ አለው። የኋላ ፍሬን ጨምቆ ጎማውን ሳይዞር ያንሸራተተ ሰው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይልጠዋል፤ ያ ቦታ ከዚያ በኋላ በየዙሩ ይታወቃል። ፍሬኑ ቸርኬ ላይ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ቸርኬው እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፣ የውስጥ ጎማው አየርም ግፊቱ ይጨምራል። ጎማ ሲፈነዳ ከፍታውን መውቀስ ትክክል አይደለም፦ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከፍታ በጎማው ግፊት ላይ የሚያመጣው ለውጥ 1 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ነው፤ ያውም ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

በቀኝ በሚነዳበት አገር የጎማ ግራ ጎን ቀድሞ ይበላል የሚባለው አከራካሪ ነው። አንዳንዶች አስፋልቱ ወደ ቀኝ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጎማ በግራ ጎኑ ይነካል ይላሉ። ሌሎች የግራ መታጠፊያ ሰፊና ረጅም ስለሆነ ሳይክሉ ወደ ግራ ጋደል ብሎ የሚቆይበት ርቀት ይበልጣል ባይ ናቸው። እንደ ሐረጎ ባለ መንገድ ሁለተኛው ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

የኮምቦልቻ ሜዳ ለጎማ ይራራል።

ክረምት ላይ ደሴ ጉም ሲለብስ ጠርሙስ ስባሪ እርጥብ ጎማን ከደረቅ ይልቅ በቀላሉ ይቆርጣል፤ ውሃው ስለቱን ያንሸራትተዋልና።

የኋላው ሲያልቅ ያረጀውን ወደ ፊት ማዞር ቁጠባ ይመስላል፤ ግን የፊት ጎማ ቁልቁለት ላይ ቢፈነዳ መሪ አይታዘዝም። ተገቢው የፊተኛውን ወደ ኋላ አዙሮ አዲሱን ፊት ላይ ማሰር ነው።