ፋውንድ ፋሚሊ ምንድን ነው? የሱፐርሂሮ ኮሚክ ወላጅ አልባዎች ቤተሰብ የሚያገኙበት መንገድ

ፋውንድ ፋሚሊ ማለት ደምም ጋብቻም ያላገናኛቸው ሰዎች አብረው እየኖሩ፣ አብረው እየተቸገሩ፣ ቀስ በቀስ ቤተሰብ የሚሆኑበት የታሪክ ዐይነት ነው። ማንም ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ አባትህ ነኝ» አይልም። ቀኑ ይገፋል፣ ገበታው ላይ የሚቀመጠው ሰው ይበዛል፣ በመጨረሻ አንዱ ሲታመም ሌላው እንቅልፍ ያጣል። ጉዲፈቻን፣ የጡት ልጅን፣ አበልጅነትን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚገርመው የሚገኝበት ቦታ ነው። ሕንፃ በቡጢ በሚፈርስበት የሱፐርሂሮ ኮሚክ ውስጥ አንባቢዎች ለዐሥርተ ዓመታት እያነሡ የሚያወሯቸው ገጾች ብዙ ጊዜ ማንም ማንንም የማይመታባቸው ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ብዙዎቹ ጀግኖች ለምን ወላጅ አልባ እንደሆኑ መጠየቅ ይሻላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1938 የወጣው ሱፐርማን ፕላኔቱ ጠፍታ በካንሳስ ገበሬዎች ቤት ያደገ ነው። በ1939 የመጣው ባትማን፣ ማለትም ብሩስ ዌይን፣ እናትና አባቱ ዐይኑ እያየ በጥይት ተገድለውበታል። በ1962 የተፈጠረው ስፓይደርማን፣ ፒተር ፓርከር፣ ወላጆቹን በማጣቱ አጎቱና አክስቱ ያሳደጉት ልጅ ሲሆን፣ አጎቱም በዚያው በመጀመሪያው ታሪክ ይገደላል። የሱፐርማን ደራሲ ጄሪ ሲግል የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ነበር፤ አባቱ በ1932 ክሊቭላንድ ውስጥ ሱቁ በተዘረፈበት ምሽት ሞቷል። ጥይት የማይበሳው ጀግና ከዚያ ሐዘን ተወለደ የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከዚህ የቀለለ ምክንያትም ይታየኛል፤ «በዚህ ሌሊት ወዴት ነው?» የምትል እናት ያለችው ልጅ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል አያድርም።

ታዲያ ጀግናው ሁለት ጉድለት ይዞ ይጀምራል ማለት ነው። አንደኛው ያጣው ሰው ነው። ሁለተኛው ጭምብሉ ነው፤ የቀሩት ወዳጆቹ እንኳ ማንነቱን አያውቁም። በዚህ ዘርፍ አንጀት የሚያርሱት ገጾች ሁሉ ከሁለቱ አንዱን የሚሞሉ ናቸው፦ ወይ የጠፋው ሰው ቦታ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ ወይ የተደበቀው ነገር ለአንድ ሰው ይነገራል። ኃይል ለሁለቱም አይረዳም። ተራራ የሚያነሣ ክንድ እውነት ለመናገር ምን ያደርግለታል?

የመጀመሪያውን መንገድ ከባትማን ቤት በላይ የሚያሳይ የለም። በ1940 ዲክ ግሬሰን የሚባል የሰርከስ ልጅ መጣ፤ በገመድ ላይ ይጫወቱ የነበሩ ወላጆቹ ከላይ ወድቀው ሲሞቱ አይቷል። ብሩስ ወሰደው፣ ሮቢን ብሎም አሠለጠነው። ደራሲው ቢል ፊንገር ሮቢንን ያስገባው ባትማን የሚያናግረው ሰው ስላስፈለገው ነበር፤ የጽሑፍ ችግር መፍቻ እንጂ የቤተሰብ ፍልስፍና አልነበረም። በ1943 ደግሞ አሽከሩ አልፍሬድ ተጨመረ። በኋላ የመጡ ደራሲዎች ታሪኩን ወደ ኋላ ገፍተው ብሩስን ከሕፃንነቱ ያሳደገው አልፍሬድ እንዲሆን አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ያለው አልፍሬድ በአሽከር ትሕትና እያጎነበሰ እንደ አባት የሚቆጣ ሰው ነው። ሾርባውን በሰሐን ያቀርባል፣ ቁስሉን ይሰፋል፣ በዚያው አፉ ደግሞ «ዛሬም ሊሞቱ ነው የሚወጡት?» ዐይነት አሽሙር ይወረውራል።

ዲክ አድጎ ከቤት ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ሮቢን ጄሰን ቶድ ነበር። በ1988 አሳታሚው ዲሲ የልጁን ሕይወት ለአንባቢዎች የስልክ ድምፅ ሰጠ፤ 5,343 ሰው ይሙት፣ 5,271 ሰው ይኑር አለ። በ72 ድምፅ ብልጫ የባትማን ጠላት ጆከር ገደለው። ይህን ያነሣሁት ለጭካኔው አይደለም፤ ቀጥሎ ስለመጣው ልጅ ነው። ቲም ድሬክ ገና ትንሽ ሳለ ሰርከስ ሄዶ ዲክ ግሬሰንን አይቶታል። ዓመታት ቆይቶ ሮቢን በቴሌቪዥን ያንኑ አራት ጊዜ አየር ላይ የመገለባበጥ ትርዒት ሲያሳይ ተመለከተና ሮቢን ዲክ ከሆነ ባትማንም ብሩስ መሆኑን ደረሰበት። ምስጢሩን ይዞ ዝም አለ። ጄሰን ከሞተ በኋላ ግን ባትማን ራሱን ለሞት እየሰጠ እንደሚዋጋ አየ፤ በ1989 ሄዶ በሩን አንኳኳ። ሮቢን መሆን ፈልጎ አልነበረም፣ ዲክን እንዲመለስ ሊለምን ነው የሄደው። ባትማን አጠገቡ ሰው ካልኖረ እንደሚጠፋ የገባው ይህ ልጅ ብቻ ነበር። እስከዚያ ድረስ አዋቂው ልጁን ያነሣ ነበር፤ እዚህ ላይ ልጁ አዋቂውን ሊያነሣ መጣ።

የቲም አባት በ2004 ሲገደል ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ብሩስ በማደጎ እንዳይወስደው ቲም ተዋናይ ቀጥሮ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርባል። የሚያስቅ ነው፤ ግን የወላጅን ቦታ ቶሎ መተካት ክህደት የሚመስለው ልጅ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በተሻለ የጻፈ አላየሁም። በመጨረሻ ብሩስ በማደጎ ይወስደዋል። ዲክ ግሬሰን ግን በወረቀት ልጅ የሆነው በ2001 ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ከገባ 61 ዓመት በኋላ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ ከቤት ከወጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ። በኑሯቸው የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ብሩስ ያንን ቃል ለማውጣት ነው ያን ሁሉ ጊዜ የፈጀበት።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ቁንጮ የ2009ኙ «ባትማንና ሮቢን» ነው፤ ደራሲው ግራንት ሞሪሰን፣ የመጀመሪያዎቹን ዕትሞች የሣለው ፍራንክ ኳይትሊ። ብሩስ ሞቷል ተብሎ ጭምብሉን ዲክ ለብሷል። ሮቢን የሆነው ዴሚያን ነው፤ የብሩስ የአብራኩ ክፋይ፣ በነፍሰ ገዳዮች መካከል ያደገ፣ የዐሥር ዓመት ትዕቢተኛ። ማንንም አያከብርም፣ ዲክን ደግሞ «አንተ አባቴን አትተካም» በሚል ዐይን ነው የሚያየው። ነገሩ ወዴት እንደዞረ ልብ በሉ፦ ሜዳ ላይ የቀረው የሰርከስ ልጅ፣ ያሳደገውን ሰው የገዛ ልጅ እያሳደገ ነው። ዲክ ልጁን የሚገራው እርሱ ራሱ በተገራበት መንገድ አይደለም፤ ብሩስ ዝም ሲል ዲክ ይስቃል፣ ብሩስ ሲያዝ ዲክ ይጠይቃል። ዴሚያን ቀስ ብሎ ይለሰልሳል። እውነተኛ አባቱ ሲመለስ እንኳ ለብዙ አንባቢ የዴሚያን ሰው ዲክ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው መንገድ ምስጢርን መናገር ነው፤ የዚህ ባለቤት ደግሞ ስፓይደርማን ነው። በጥር 1984 በወጣው የመጽሔቱ ቁጥር 248 ላይ፣ ከዋናው ታሪክ ኋላ፣ ሮጀር ስተርን የጻፈውና ሮን ፍሬንዝ የሣለው አጭር ታሪክ ወጣ። ስፓይደርማን ቲም ሃሪሰን የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክፍል በመስኮት ይገባል። ልጁ ስለ እርሱ የወጣውን ሁሉ የሚሰበስብ ነው፤ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ፊልም፣ እርሱ ላይ የተተኮሱ ጥይቶች ሳይቀሩ። ይጫወታሉ፣ ያወራሉ። ልጁ ማንነቱን ሲጠይቀው ስፓይደርማን ጭምብሉን ያወልቃል። ስሙን ይነግረዋል፤ ከዚያም ለማንም የማይናገረውን፣ ሊያስቆመው ይችል የነበረ ሌባ አጎቱን እንደገደለ ይናገራል። ልጁ ያቅፈዋል። ስፓይደርማን ከወጣ በኋላ ነው ቤቱ የካንሰር ሕክምና ማዕከል እንደሆነ፣ ልጁም ጥቂት ሳምንታት ብቻ እንደቀሩት የምንረዳው። አንድም ቡጢ የለበትም። ሆድ የሚያባባው የልጁ ሞት ብቻ አይመስለኝም። በዚያች ሌሊት ንስሐ የገባው ጀግናው ነው፤ የተናዘዘውም ለዘጠኝ ዓመት ልጅ።

አክስቱ ሜይ ግን ለአርባ ዓመት ያህል አላወቀችም፤ ቢያንስ ደራሲዎቹ ሲፈቅዱ አላወቀችም። (አንድ ጊዜ አውቃ ሞተች፣ ከዚያ የሞተችው ሌላ ሴት ናት ተባለ። ኮሚክ ነው፣ ይለመዳል።) በጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ታሪክ ሜይ ወደ ፒተር ቤት ስትመጣ ተሰባብሮ ተኝቶ፣ የተቀዳደደውን ልብስ አጠገቡ ታገኛለች። የ2002ቱ ቁጥር 38 በሙሉ የሁለቱ ወሬ ነው፤ ሥዕሉ የጆን ሮሚታ ጁኒየር። ፒተር አጎቱ የሞተው በእርሱ ጥፋት እንደሆነ ይናዘዛል። ሜይ ደግሞ የራሷን ታወጣለች፦ ያን ምሽት ከባሏ ጋር ተጨቃጭቃ ነበር፣ ከቤት የወጣው በእርሷ ምክንያት እንደሆነ ታምናለች። ሁለቱ በአንድ ቤት፣ አንዱን በደል ለሁለት ተሸክመው፣ አንዳቸው ለሌላው ሳይነግሩ ኖረዋል። ያንን ገጽ ካነበብኩ ወዲህ የስፓይደርማን ምስጢር ጠላትን መከላከያ ነው የሚለውን ነገር ብዙም አላምንም። የሚደበቀው ከሜይ ነበር።

የካማላ ካን እናት ደግሞ ይህን ሁሉ ጭንቀት በአንድ ዐረፍተ ነገር ትፈታዋለች። ካማላ በ2014 የራሷን መጽሐፍ ያገኘችው ሚስ ማርቭል ናት፤ ጀርሲ ሲቲ የምትኖር የፓኪስታን ስደተኞች ልጅ፣ ደራሲዋ ጂ. ዊሎ ዊልሰን። እንደ ሌሎቹ ወላጅ አልባ አይደለችም፤ የምትሸሸው ከተቆጪ እናትና ከጥንቁቅ አባት ነው። በ2015 ዓለም ሊጠፋ በተቃረበበት ታሪክ ላይ እውነቱን ልትነግራት ስትል እናቷ ሙኒባ አውቄዋለሁ ትላታለች። በስደት ያደገ ልጅ ለምን እዚያ ላይ እንደሚስቅና እንደሚያለቅስ ማብራራት አያስፈልገኝም። ልጅ «ደብቄያለሁ» ይላል፤ እናት ልብሱን ስታጥብ ከርማለች።

ቤተሰብ ሆነው የጀመሩም አሉ። የ1961ዱ ፋንታስቲክ ፎር ባልና ሚስት የሚሆኑት ሪድና ሱ፣ የሱ ወንድም ጆኒና የቤቱ ጓደኛ ቤን ግሪም ናቸው፤ ሪድና ሱ በ1965 ተጋቡ፣ በ1968 ልጅ ወለዱ። ከአራቱ ዝምድና የሌለው ቤን ብቻ ነው፤ አካሉ ወደ ድንጋይ የተለወጠውም እርሱ ነው። ከጆኒ ጋር ሌት ተቀን ይጣላል፣ ሕፃኑን ፍራንክሊንን ግን በዚያ የድንጋይ ክንዱ እንደ እንቁላል ይይዘዋል። ኤክስሜን በሚባለው የጀግኖች ቡድን ዘንድ ደግሞ ነገሩ የአዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በ1982 ቁጥር 153 ላይ ታዳጊዋ ኪቲ ፕራይድ ለትንሿ ኢሊያና የመኝታ ተረት ትፈጥርላታለች፤ ጓደኞቿን ሁሉ ታስገባበታለች፣ የሞተችው ጂን ግሬይ በተረቱ ውስጥ ትድናለች። ትልልቆቹ በር ላይ ቆመው ይሰማሉ።

የዚህ ዘርፍ በሽታ አንድ ነው፤ የተገኘው ቤተሰብ በአሳታሚው ውሳኔ ይሰረዛል። ሜይና ፒተር ያን ሁሉ ከተናዘዙ በኋላ በ2007 በጀመረው ሌላ ታሪክ ፒተር የአክስቱን ነፍስ ለማዳን ከዲያብሎስ ቢጤ ጋር ተዋዋለ፤ ትዳሩም፣ የሜይ እውቀትም ጠፋ። አልፍሬድን በ2019 ቤይን የሚባለው የባትማን ጠላት ገደለው፤ እኔ ያንን እንደ ስንፍና ነው የቆጠርኩት፤ ደራሲ ማስለቀስ ሲፈልግ ቤት የሚያሞቀውን ሰው ይገድላል። ሱፐርማን ላይ ግን በተቃራኒው ሄደዋል። በቀድሞው ታሪክ አሳዳጊዎቹ ጆናታንና ማርታ ኬንት እርሱ ሙሉ ጀግና ሳይሆን ይሞቱ ነበር፤ ጆን በርን በ1986 ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጽፍ በሕይወት አቆያቸው። ዓለምን ያዳነው ሰው ቅዳሜ ማታ ወዳደገባት ስሞልቪል ሄዶ ከአባቱ ምክር የሚጠይቅበት ዕድል ያኔ ተከፈተ።

ማንበብ ለሚፈልግ፣ ቀላሉ መግቢያ በመስከረም 2021 ዌብቱን በሚባለው የኮሚክ መተግበሪያ ላይ በነፃ የጀመረው «ባትማን፦ ዌይን ፋሚሊ አድቬንቸርስ» ነው። በስልክ የሚነበብ፣ ክፍሎቹ አጫጭር፣ ወንጀል ከኋላ የቀረበት፤ የመጨረሻውን ብስኩት ማን በላ፣ ማን ታመመና አልጋ ላይ አልቆይ አለ የሚሉ ጉዳዮች ናቸው። የባትማንን ታሪክ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ቤተሰቡን በአንድ ሳምንት ይለያል። ከዚያ ወደ ዲክና ዴሚያን መጻሕፍት ይለፍ። የጄሰንን ሞት ከእነርሱ በኋላ ቢያነብ ይሻላል፤ ቀድሞ ካነበበው ልጁን ሳያውቀው ይቀብረዋል።